የዐቃቤ ሕግ እጩዎች፣ ቁጥር ያሳዩን

ለአዘጋጁ፦

የምጽፈው ኦክላንድ ከተማ የምትገኝበት የካሊፎርኒያው አላሜዳ ካውንቲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ለመሆን የሚወዳደሩ ሰዎች ስለ ፍትሕ ማሻሻያና ተጠያቂነት ስለሚሉት ነው። ፓሜላ ፕራይስ ረጅም የእስር ቅጣትን እቀንሳለሁ ብለው በ2022 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥልጣን ተመረጡ። ሥራ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፣ በኖቬምበር 2024፣ መራጩ ራሱ አወረዳቸው። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ሁሉ “ይጥበቅ” ወይስ “ይላላ” ሆኗል።

ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት የከፈተ ሐበሻ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ደንበኛው እራቱን በልቶ ሲወጣ የመኪናው መስታወት አስፋልቱ ላይ ረግፎ ካገኘው፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ሌባው ተያዘ ወይ?” ብሎ ነው። መያዝ ደግሞ የፖሊስ ሥራ ነው። ፖሊስ ያልያዘውን ዐቃቤ ሕግ ከየት አምጥቶ ይከሳል? “እኔ ከገባሁ ስርቆት ይቆማል” የሚል እጩ ይህንን ዘሎታል።

የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ግን የራሱ ዕዳ አለበት። ማን ይከሰስ፣ በየትኛው አንቀጽ፣ የቱ መዝገብ ይዘጋ የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው፤ አብዛኛውም በዝግ በር። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ወሬ ይዞ የሚሟገተው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ እጩዎቹ ከምርጫው በፊት ቃል ይግቡ። በየ3 ወሩ ከፖሊስ ስንት መዝገብ እንደደረሳቸው፣ ስንቱን እንደከሰሱ፣ ስንቱን በምን ምክንያት እንደዘጉ በወንጀል ዓይነት ለይተው ያውጡ። ፖሊሶች የተጠረጠሩባቸው መዝገቦችም ለብቻ ተለይተው ይካተቱ።

አንድ አንባቢ፣ ከኦክላንድ