አባባ፣ ወረቀቱን አንብቤዋለሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ 8 ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትልቁ ልጄ በቁመት አልፎኛል፤ ትንሿም በስልክ ያስጠኗትን «አቡነ ዘበሰማያት» ሳትሳሳት ትዘልቀዋለች። ስለ እነሱ ብዙ መጻፍ ጀምሬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቀደድሁት፤ ብዕር ያነሣሁት ስለ እነሱ ለመጻፍ አልነበረምና።

በሰኔ ሚካኤል ሌሊት፣ ማኅሌት እንደቆሙ መቋሚያው ከእጅዎ ወድቆ እርስዎም ተዝለፍልፈው መውደቅዎን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም የእኅቴ ልጅ በስልክ ሲያጫውተኝ አምልጦት። እኅቴን አጥብቄ ስጠይቃት እያለቀሰች «ለእሷ እንዳትነግሯት፣ በሰው አገር ትጨነቃለች» ማለትዎን ነገረችኝ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ፣ አባባ።

ከ9 ዓመት በፊት እማዬን ከእንብርቷ በላይ የሚያቃጥል ነገር ይዟት፣ ላብ ሲያጠምቃትና ጥቂት መራመድ ሲያቅታት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ጨጓራ ነው ብሎ ተልባ በጠበጠላት። ስኳር ባለበት ሰው ላይ፣ በተለይም በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ፣ የልብ ሕመም ደረትን ጨምድዶ ሳይዝ እንዲህ ተሸሽጎ ሊመጣ እንደሚችል ያን ጊዜ እኔም አላወቅሁም፤ ስለዚህ በተልባው አልወቅስዎትም። የምወቅስዎት ሦስት ሳምንት ታምማ ሳለ፣ በየእሑዱ ስደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» እየተባልሁ በመቅረቴ ነው። ሌሊት በ11 ሰዓት የማኅበራችን ሰዎች በሬን ሲያንኳኩ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መቆማቸውን አይቼ አንዳች ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። ለእኔ አስበው እንዳደረጉት አምናለሁ። ይሁን እንጂ ድምፅዋን መስማት እየቻልሁ ያልሰማሁባቸው እነዚያ ሦስት እሑዶች እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጡም፤ ይህንንም ለእርስዎ ለመናገር 9 ዓመት ሙሉ ፈርቼ ኖርሁ።

አሁን ሥራዬ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሌሊት ሌሊት በሆስፒታል ስክሪን ፊት ተቀምጬ ከ30 የሚበልጡ ሕመምተኞች የልብ ምት እከታተላለሁ፤ የአንዱ ምት ሲዛባ ነርሷን የምጠራ እኔ ነኝ። እኅቴ የልብዎ ምት የተመዘገበበትን የኢሲጂ ወረቀት ፎቶ አንሥታ ስትልክልኝ ማንም እንዲያስረዳኝ አልጠበቅሁም። የላይኞቹ የልብዎ ክፍሎች በደቂቃ 80 ጊዜ ያህል ይመታሉ፤ የታችኞቹ 34 ጊዜ ብቻ ይመታሉ፤ ሁለቱ አይደማመጡም። የማላውቃቸውን ሰዎች ልብ ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቅ የእርስዎ ልብ በዚህ ሁኔታ መክረሙን ሳስብ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሐኪሙ የልብዎ ኤሌክትሪክ እንደተቋረጠና ምቱን የሚያስተካክል ፔስሜከር የተባለ መሣሪያ እንዲገባልዎት ሲነግርዎት «በልቤ ውስጥ ኤሌክትሪክ አላስገባም» ብለዋል አሉ። አባባ፣ ኤሌክትሪኩ በእናትዎ ማኅፀን ሳሉ ጀምሮ በውስጥዎ ያለ ነው። በቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል አናት ላይ፣ ትልቁ የደም መልስ ከሚገባበት አጠገብ፣ ከማንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ምቱን የሚያነሣ ትንሽ የሥጋ ቅንጣት አለ። መሪጌታው እሱ ነው። እሱ ያነሣው በላይኞቹ ክፍሎች ከተሰማ በኋላ በመካከል ወዳለ አንጓ ይወርድና የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይቆያል፤ የሚቆየውም የታችኞቹ ክፍሎች ደም እስኪሞላላቸው ነው። ከዚያ ልክ እናንተ በማኅሌቱ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ እንደምትቆሙት ቀኝና ግራ ተከፍሎ ይወርዳል፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ቅጽበት ይመታል። በእርስዎ ልብ መሪው አልደከመም፤ የተቆረጠው ምቱ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያደርገው በዕድሜ ብዛት የሚጠጥር ሥጋ ነው። ታች ያሉት መሪ ሲያጡ ዝም አይሉም፤ ከራሳቸው አንሥተው በደቂቃ ከ20 እስከ 40 ጊዜ ይመታሉ። ያ ግን ነፍስን ለማቆየት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለመዘመም የሚበቃ አይደለም፤ ከመረግድ ወደ ፈጣኑ ጽፋት ስትሻገሩ ሰውነትዎ ፈጣን ምት ፈልጎ ልብዎ ሊሰጠው አልቻለም። የጣለዎት የሐዋርያት ጾም አይደለም፤ ለአንጎልዎ የሚደርሰው ደም አንሶ ነው።

ደረትዎን የሚይዝዎትንም ጨጓራ ነው ማለትዎን ሰምቻለሁ። የደረት ሕመም ሁሉ ከልብ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ ያቃጥላል፣ የጎድን አጥንት መጋጠሚያ ሲጫኑት ያማል፣ የሳንባ ሽፋን ሲቆጣ ትንፋሽ በሳቡ ቁጥር ይወጋል፣ አልማዝ ባለጭራም ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ቆዳን ያነድዳል። የልብና የምግብ ቧንቧ ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት በተቀራረበ ስፍራ ስለሆነ፣ አንጎልም ሕመሙ ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል። የእርስዎ ግን ዳገቱን ሲወጡ የሚይዝ፣ ድንጋይ ላይ አረፍ ሲሉ የሚለቅ፣ ግራ ክንድዎን የሚያደነዝዝ ነው፤ ይህን ጨጓራ አያደርገውም። ልብ ራሱን በደም የሚመግብባቸው ሥሮች ሳይጠብቡ አልቀሩም ብዬ እፈራለሁ፤ ምቱ ሲዘገይ ደግሞ በዚያው ላይ ይብሳል። ይህንንም አብሮ እንዲያይልዎት ለሐኪሙ ይንገሩት፤ አይደብቁት። ዕረፍት ላይ ሆነው ይዞዎት ከ10 ደቂቃ በላይ ካልለቀቀዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱዎት።

የሚገባልዎት ፔስሜከር ከግራ አንገት አጥንትዎ በታች፣ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚጠፋ ነገር ነው፤ ሽቦው በደም መልስ በኩል ወደ ልብ ይወርዳል፤ ደረት አይከፈትም፤ ብዙ ጊዜ ቦታው ብቻ ይደነዝዛል። የሚሠራው መሪው ያነሣውን ሰምቶ ወደ ታች ማድረስ ነው። መጀመሪያ የተገባለት ሰው አርነ ላርሰን የተባለ ስዊድናዊ ነበር፤ በ1951 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ስቶክሆልም ውስጥ የተገባለት መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ቢበላሽም፣ ሌላ እየተተካለት በጠቅላላው በ26 መሣሪያዎች እስከ 1994 ዓ.ም. ኖረ፤ በ86 ዓመቱ የሞተውም በካንሰር ነበር።

ከፍልሰታና ከቡሄ በኋላ ይሁንልኝ ማለትዎን አልቀበልም። ግራ ክንድዎን ለጥቂት ሳምንታት ከትከሻ በላይ እንዳያነሡ ስለሚከለከሉ ማኅሌቱ እንዳያመልጥዎት ፈርተው መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን በዚህ ምት እስከ ነሐሴ 13 መጠበቅ ከቻልን ብቻ ነው ያ ጭንቀት የሚሆነው። ለአዲስ አበባ የአውሮፕላኑንም የሕክምናውንም ገንዘብ ለእኅቴ ልኬያለሁ። የግፊት መድኃኒትዎን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ፤ አንዳንዶቹ እንደ አቴኖሎል ያሉት ይህንኑ መንገድ ያዘገያሉና ሐኪሙ ማየት አለበት፤ በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጡ። እስከዚያ ብቻዎን አይተኙ፤ ብቻዎን ለሌሊት አገልግሎት አይውጡ።

ሐሙስ ማታ በእናንተ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ስልኩን ራስዎ ያንሡልኝ፤ ለእኅቴ አይስጡብኝ፤ የሚያምዎትን በራስዎ አፍ ይንገሩኝ።

ናፋቂ ልጅዎ