ለአባዬ፣ ስለ አሥሩ የዝምታ ዓመታት

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉሮሮዎ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

መደወል እችል ነበር። ግን ባለፈው እሑድ አንዲት ቃል ለማውጣት ሲታገሉ ሰምቼ አንጀቴን በላኝ። እርስዎ ሳይደክሙ እኔ ላውራ ብዬ ነው የጻፍኩት። ዓይንዎ ከታከተ እማዬ ታንብብልዎት።

ያን ቀን በሹክሹክታ ያሉኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። «ልጄ፣ ድምፅ የሌለው ሰባኪ ከእንግዲህ ምን ይጠቅማል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። «አይዞዎት፣ ይሻልዎታል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሳምንቱን ሙሉ ያ መልሴ ሲቆጨኝ ሰነበተ።

ኋላ ልጆች ሳለን ማታ ማታ የሚነግሩን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ ትዝ አለኝ። ያኔ እኛን ደስ የሚለን መከራውና መንገዱ ነበር። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች እንደወሰዱት፣ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ በስምንት ሰው እጅ እንዳለፈ፣ ምጽዋ ላይ ስዊሳዊው ቨርነር ሙንሲንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮን እንደሰጠው። (ዓመቶቹን እርስዎ እንደሚነግሩን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር። ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው ብለውናል። በ1872 በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ፤ በፊልሞና መልእክት ውስጥ ባለው ባሪያ ስም። ትርጉሙን ያኔ አስይዘውኛል። «ጠቃሚ» ማለት ነው። ጳውሎስም በዚሁ ስም ተጫውቶ ነው፣ ቀድሞ የማይጠቅም የነበረው አሁን ለአንተም ለእኔም ይጠቅማል ብሎ የጻፈው።

አባዬ፣ «ምን ይጠቅማል» ብለው ሲጠይቁኝ ይህንን እንዴት እንዳላስታወስኩ አላውቅም።

ሰሞኑን ታሪኩን እንደገና ሳስበው ልጅ ሳለሁ በጆሮዬ ያለፈው ክፍል ነው የያዘኝ። ኦነሲሞስ ስዊድን ተምሮ ሲመለስ ልቡ ወገኖቹ ዘንድ ነበር። በሱዳን በኩል ሞከረ። አሶሳ ደርሶ ለመመለስ ተገደደ፤ መንገድ ላይ በንዳድ ሊሞት ነበር። ሌላም ሙከራ ከሸፈ። ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። ከስዊድን ከተመለሰ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ፣ ሰውየው ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉት። በኦሮምኛ ሰበከ።

ሁለት ዓመት ብቻ! በ1906 ተከስሶ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ በነበሩት በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ እንዲሰደድ ተፈረደበት። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሻሉት፤ ነቀምቴ ተመለስ፣ ስብከት ግን አቁም ተባለ። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅዱለት ድረስ አሥር ዓመት ሙሉ።

ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ለመናገር የተዘጋጀ ሰው፣ ልክ የሚናገርበት ቦታ ሲደርስ አፉ ተዘጋ። እኔ ብሆን እብድ ነበር። እሱ ግን ትምህርት ቤቱ ገብቶ ልጆች አስተማረ። መስበክ እንጂ ማስተማር አልተከለከለማ! ቀድሞ የተረጎመው ደግሞ ያለ እሱ ድምፅ ይናገር ነበር። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ ታትሟል፤ በግዕዝ ፊደል። አንባቢ ሳይኖር መጽሐፍ ምን ይሠራል? በእነዚያ አሥር ዓመታት አንባቢ አፈራ። እኔ ከስብከቱ ዘመን ይልቅ የዚያን ጊዜውን ኦነሲሞስን እወደዋለሁ።

ስለ አስቴር ጋኖም ይንገሩን ነበር፣ ያስታውሳሉ? ለባርነት የጫነቻትን መርከብ የጣልያን ባሕር ኃይል በ1886 ያዘና እሷም ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ኦነሲሞስ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለሆነ ቃል ያጥረው ነበር። ቋንቋው የሞላው እሷ ዘንድ ነው። አምስት መቶ ያህል ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከትዝታዋ ጽፋለች። ብዙዎቹ በ1894 ለፊደል ተማሪዎች በወጣው መጽሐፍ ገቡ። መጽሐፍ ቅዱሱ ግን የወጣው በእሱ ስም ብቻ ነው። ይህን በጻፍኩ ቁጥር እማዬ ትመጣብኛለች። እርስዎ በየገጠሩ ሲዞሩ ቤቱን፣ እንግዳውን፣ የታመመውን የያዘችው እሷ ናት። መጋቢ ተብሎ የተጠራው ግን አንድ ሰው ነው። እባክዎን ይህችን መስመር ጮክ ብላ ታንብባት።

እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔም ተቀይሜዎት አውቃለሁ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ወባ ጥሎኝ እርስዎ ለአገልግሎት ሄደው ነበር። በበቅሎ ሦስት ቀን የሚያስኬድ አገር። ሲመለሱ ድኛለሁ፤ ግን አኮረፍኩ። ያኔ የሰው ልጅ ከእኔ ይበልጥባቸዋል ብዬ ነበር። አሁንም ሁሉንም ተረድቼዋለሁ አልልም። ቂሙ ግን የለም፣ አባዬ። ከልቤ ነው የምልዎት።

ቂሙን ያወጣልኝ ምን እንደሆነ ነግሬዎት አላውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሽማግሌ መልኬን አይተው «የመጋቢ ልጅ ነህ አይደል?» አሉኝ። ልክ ነዎት ስላቸው እጄን ይዘው አለቀሱ። የበኩር ልጃቸው የሞተ ጊዜ እርስዎ ሦስት ቀን አብረዋቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። «ምን አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምንም» አሉ። «አንድ ቃል አልተናገሩም። ስብከታቸውን ረስቼዋለሁ፤ ያንን ግን አልረሳውም።»

እሑድ ዕለት ልነግርዎት ይገባኝ የነበረው ይህንን ነው።

ኦነሲሞስ ያረፈው በፈረንጆቹ ጁን 21 ቀን 1931 ነው፤ እሑድ ቀን ነበር። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1959 ስትመሠረት አላየም። በእሱ ትርጉም ስንት ሰው ማንበብ እንደተማረም አልቆጠረም። እርስዎም የማያውቋቸው እንደ ታክሲ ሰልፉ ሽማግሌ ያሉ ብዙዎች አሉ። አንዱን ብቻ ነው እኔ ያገኘሁት።

ቅዳሜ ትንሹን ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ፊደል ቆጠራ ጀምሯል፤ «በ» ላይ ደርሶ ከ«ሰ» ጋር እያምታታ አስቸግሮኛል። እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ ያውቁኛል። እኔን ያስተማሩበት ያ የስንደዶ መጠቆሚያ ካለ ያስፈልጉት። እርስዎ ያሳዩታል፤ መጮኹን እሱ ይችልበታል።

ልጅዎ