የኅዋ ሳይንስ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ በቴሌቪዥን ሪሞት የጀመርነው ትምህርት

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ርዕስ ይዞ ከረመ፦ ኅዋ ላይ ያለው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በኢንፍራሬድ የሚያነሳቸው የሩቅ ጋላክሲዎች ፎቶ። "ማትሪክ ላይ ለማይመጣ ነገር ምን አደከማችሁ?" ያሉን አልጠፉም። የብርሃን ሞገድ ግን ማትሪክ ላይ ይመጣል። ልጆቹም እንደ ዘንድሮ ገብቷቸው አያውቅም።

አባላት መዘገብን፣ ኮሚቴ መረጥን፣ ዓርብ ዓርብ ተሰበሰብን። ይሄን የትኛውም ክበብ ያደርገዋል፤ ልለፈው።

መጀመሪያ ያስቸገረን ኢንፍራሬድ ራሱ ነው። "ዓይን የማያየው ብርሃን" ስላቸው ልጆቹ በይሉኝታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሳምንቱ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሪሞት ይዞ መጣ። አባቱ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሪሞቱን ወደ ስልኬ ካሜራ አዙሮ ተጫነው። በዓይናችን ምንም የለም። ስልኩ ላይ ግን ከሪሞቱ ጫፍ ያለችው ትንሽ አምፖል ሐምራዊ ሆና ብልጭ ብልጭ አለች። "አባዬ ሪሞት መሥራቱን የሚያየው እንዲህ ነው" አለ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እኔም ስንት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ይሄን የመሰለ ማስተማሪያ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀለለ። የሩቅ ጋላክሲ ብርሃን ረጅም ዘመን ሲጓዝ፣ ኅዋው እየሰፋ ሞገዱንም ይለጥጠዋል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ኢንፍራሬድ ሆኗል። ጄድስ-ጂኤስ-ዜድ14-0 ከተባለው ጋላክሲ ብርሃኑ የተነሳው ዩኒቨርስ ገና 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሳለ ነው። ቴሌስኮፑ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የመጀመሪያ የሩቅ ኅዋ ፎቶውን ለማንሳት 12 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ሰብስቧል። ያንን ፎቶ በከለር አሳትመን፣ በእርሳስ ከፋፍለን ጋላክሲ ቆጠርን። ፎቶው ላይ ጨረር የሚረጩት የራሳችን ጋላክሲ ኮከቦች ናቸው፤ አይቆጠሩም። በዚህ ብቻ ስንት ዓርብ ተጨቃጨቅን! ቆጠራው እስካሁን አላለቀም።

እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም ሄደን ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለቱን ቴሌስኮፖች አየን። አንዷ ተማሪ "እንዲህ ያለ ተራራ እያለ ዌብን 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አርቆ መላክ ምን አመጣው?" ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው አፉን ሳይከፍት ያ የሪሞቱ ልጅ "አየሩም ተራራውም ይሞቃላ! የሞቀ ነገር ሁሉ ኢንፍራሬድ ያወጣል። ዌብ እኮ ራሱ እንዳይሞቅ ባለ አምስት ድርብ ጥላ ዘርግቷል" አላት። አስጎብኚው ሳቀ። እኔ ዞር ብዬ መነጽሬን ጠረግሁ።

ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ተቀዛቅዘናል። ኢንተርኔት ጠፋ፤ መብራቱም እንደምታውቁት ነው። የኅትመቱን ወጪ የቻልነው ከኪሳችን ነው። ለስፖርት ቀን ቲሸርት ብር መገኘቱን ግን ሁላችንም አይተናል። የዌብ ፎቶዎች ለማንም በነጻ ይገኛሉ፤ የጎደለን በትልቁ የምናይበት ነው። አሮጌም ቢሆን የሚሠራ ፕሮጀክተር ያለው ወላጅ ፊዚክስ ዲፓርትመንት ብቅ ይበል። ዓርብ ከሆነ ከትምህርት በኋላም አለን።