ተጓዡ ሲኒማ ዳንፎርዝም ይድረስ

ለካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ኮሚሽነር
ሞንትሪያል

ጉዳዩ፦ በየሰፈሩ ነፃ የፊልም ማሳያ መርሐ ግብር እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኮሚሽነር፣

ቦርዱ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ፊልሞቹን በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል። ምስጋናዬ ከልብ ነው። ነገር ግን ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቡና ከሚጠጡት የሀገሬ ልጆች መካከል የቦርዱን ስም የሰማ ማግኘት ይቸግረኛል። ታክሲ ነጂውም፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውም፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡት እናትም ማታ ማታ በየስልካቸው የአማርኛ ድራማ ያያሉ። አይፈረድባቸውም።

መሥሪያ ቤትዎ ድሮ ተመልካች እስኪመጣለት አይጠብቅም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 አንሥቶ፣ ሠራተኞቹ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፕሮጀክተር መኪና ላይ ጭነው ሲኒማ ቤት በሌላቸው የገጠር መንደሮች በየወሩ ይዞሩ ነበር። ቀን ለተማሪ፣ ማታ ለወላጅ ያሳያሉ። ከሚታየው አብዛኛው የጦርነት ቅስቀሳ እንደነበር አይካድም፤ የመጀመሪያው ኮሚሽነር ጆን ግሪርሰንም ዓላማቸውን አልደበቁም። ቢሆንም ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ አብሮ አይቶ፣ አብሮ ይወያይ ነበር።

እኔ ግን ከሁሉም የሚደንቀኝ የፎጎ ደሴት ሥራ ነው። በ1967 የኒውፋውንድላንድ መንግሥት ራቅ ያሉ የዓሣ አጥማጅ መንደሮችን እያስነሣ ሌላ ቦታ በሚያሰፍርበት ወቅት የቦርዱ ፊልም ሠሪ ኮሊን ሎው ካሜራ ይዞ ፎጎ ገባ። አንድ ረጅም ፊልም ከመሥራት ይልቅ ሃያ ምናምን አጫጭር ፊልሞችን ሠራ። የተቀረጸው ሰው ፊልሙን ቀድሞ ያያል፤ «ይህን አውጡልኝ» ካለ ይወጣለታል። ከዚያ ፊልሙ ከመንደር መንደር ይዞራል። በሃይማኖትና በመንደር ተከፋፍለው የኖሩ ሰዎች፣ የወዲያኛው መንደር ዓሣ አጥማጅ የራሳቸውን ችግር ሲናገር ሰሙት። ሹማምንቱም አዩት፤ የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ መልሳቸውን በፊልም ተቀርጸው ሰጡ። ሕዝቡም የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁሞ እዚያው ደሴቱ ላይ ቀረ። ፊልም ብቻውን አዳናቸው ማለቴ አይደለም፤ የሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቀድመው እዚያ ይሠሩ ነበር። ግን «ቁረጡልኝ» የማለት መብት ለተራ ሰው የሰጠ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስንት አለ?

ዳንፎርዝ ላይም እንዲህ ያለ ሥራ ያስፈልገናል። ምግብ ቤቱንና ሱቁን የከፈቱት ሰዎች እያረጁ ነው፤ ኪራዩ አይቀመስም፤ በአማርኛ ሲያናግሯቸው ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱላቸዋል። ታሪካቸውን ማንም ሳይቀርጸው ሊያልፉ ነው።

ገንዘብ የለም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በ2012 በጀት ሲቀነስ እዚህ ጆን ጎዳና ላይ የነበረው የቦርዱ የፊልም ማሳያ ማዕከል፣ ሚዲያቴክ፣ ተዘግቷል። አዲስ ሕንፃ ግን አልጠየቅንም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ አለ፤ ወንበሩን እኛ እንደረድራለን፣ ቡናውም በእኛ። ከቦርዱ የምንጠብቀው ፊልሙን፣ ውይይቱን የሚመራ ሰውና የአማርኛና የትግርኛ የግርጌ ጽሑፍ ነው። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ካሜራ፣ በፎጎው ደንብ።

የቋንቋውን ነገር ሰበብ እንዳያደርጉብን። በ2001 በካን የፊልም ፌስቲቫል ለምርጥ የመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን ካሜራ ዶር የተሸለመው የዛካሪያስ ኩኑክ ፊልም «አታናርጁአት» ከዳር እስከ ዳር በኢኑክቲቱት፣ በሰሜን ካናዳ የኢኑዊት ሕዝብ ቋንቋ፣ የተነገረ ነው፤ ቦርዱም በሥራው ተባባሪ ነበር።

ለመጀመሪያው ምሽት ትርጉም እንኳ አያስፈልግም። የኖርማን ማክላረንን የ1952 ፊልም «ጎረቤታሞች»ን ይላኩልን፤ ስምንት ደቂቃ ነው፣ ንግግር የለውም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ድንበሩ ላይ አንዲት አበባ ትበቅላለች፤ የእኔ ናት፣ የእኔ ናት ሲባባሉ አጥር ይተከላል፣ ያው አጥር ዱላ ይሆናል፤ ቤታቸውንም ቤተሰባቸውንም አጥፍተው ይሞታሉ። በድንበር ጠብ ሽማግሌ ተቀምጦ ያየ ሰው እንዴት እንደሚያወራበት ይገምቱ። አዳራሹን እስከ ስንት ሰዓት እንደምንከራይ ብቻ አስቀድመው ያሳውቁን።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገ ዳንፎርዝ ላይ ሞልቷል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የቶሮንቶ ነዋሪ

ግልባጭ፦ ለቶሮንቶ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት