«ሙሉ ሰው» ከማጣሪያው ወዲያ ነው

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ የቀዶ ጥገና ሬዚደንሲ (ሐኪም ከተመረቀ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ስለሚወስደው የስፔሻሊቲ ሥልጠና) አመላመል ያወጣችሁትን ዘገባ ሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ጋዜጠኛዋ «እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የፈተና ነጥብ ቀርቷል፣ አሁን የሚታየው ሙሉ ሰው ነው» ብላለች። ደስ ይላል። ግን ልክ አይደለም።

የቀረው የስቴፕ ዋን፣ ማለትም የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ የመጀመሪያው ፈተና፣ ነጥብ ብቻ ነው፤ እሱ «አለፈ፣ ወደቀ» ሆነ። ሁለተኛው ፈተና፣ ስቴፕ ቱ፣ ዛሬም በባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ነው የሚመጣው። ሩጫው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቆመም። ይህን ለማጣራት አንድ ስልክ መደወል ይበቃ ነበር።

«ሙሉ ሰው ይታይ» የሚለውን ሐሳብ ጠልቼው አይደለም። ነጥቡ ሰማይ ነክቶ ኦፕሬሽን ክፍል ሲገባ ነርስ ላይ የሚጮህ ሐኪም አይቻለሁ። ግን ፕሮግራሞቹ አንድ ገጽ ሳያነቡ በምረቃ ዓመት፣ በቪዛና በነጥብ ማጣራት ይችላሉ። ከተመረቀ 5 ዓመት ያለፈውን ጭራሽ የማያዩ አሉ። እኔ ኢትዮጵያ ከተመረቅኩ 9 ዓመቴ ነው።

ከዚያ ውስጥ 4ቱን አንድ የዞን ሆስፒታል ውስጥ ነው የሠራሁት። አንድ ክረምት ከአሜሪካ የመጣ የሕክምና ተማሪ ለ2 ሳምንት ከጎኔ ቆሞ ሪትራክተር (በቀዶ ጥገና ጊዜ ቁስሉን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) ይዞልኛል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክንዱ ሲዝል እንኳ ትንፍሽ አይልም። እሱ ሲያመለክት ያ 2 ሳምንት «የዓለም አቀፍ ጤና ልምድ» ይባላል። የእኔ 4 ዓመትስ? «ምረቃው ቆይቷል»።

ባለፈው መስከረም ማመልከቻዎች ለፕሮግራሞቹ በተከፈቱ ማግስት፣ ገና ቡናዬን ሳልጨርስ፣ አንድ ኢሜይል ገባ። «ማመልከቻዎን በሙሉ በጥንቃቄ ተመልክተን...» ይላል። እንዴት ያለ ፈጣን አንባቢ ነው እናንተዬ! ባለቤቴ «ስምህንም አላዩት» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ደግሞ ለእኛ ለውጭ ምሩቃን ስቴፕ ዋን ጠላታችን አልነበረም። ከባድ ነው፣ ገንዘብ ይበላል፣ ግን የጎንደሩና የቦስተኑ ልጅ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብላቸው እዚያ ነበር። አሁን «በሰው ይታይ» ሲባል ስልክ አንስቶ «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» የሚልልኝ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ከየት ላምጣ?

በዚያ ሁሉ ዘገባ አንድ የውጭ ምሩቅ አልተጠየቀም። ጋዜጠኛዋ ያን ያነጋገረችውን የሬዚደንሲ ፕሮግራም ዳይሬክተር መልሳ ትጠይቅልን፦ ሙሉ ሰው ማየት ከመጀመርዎ በፊት ስንቱን በማጣሪያ ጣሉ? መልሱን ካወጣችሁት ሌሊትም ቢሆን አነበዋለሁ።

አገሩ ሐኪም፣ እዚህ አስታማሚ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ