ማዕበሉ በነፃ ነው፣ ብረቱ ግን አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ባሕር ማዕበል ኤሌክትሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል፣ ግን «ነፃ ኃይል» የምትለዋ ነገር ከነከነችኝ። የምኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ያፎ ወደብ አጠገብ ነው። እዚያ ከማዕበል መከላከያው ግንብ ጋር የታሰሩ 10 ተንሳፋፊዎች አሉ። ውኃው ከፍ ዝቅ ባደረጋቸው ቁጥር ፒስተን ይገፋሉ፣ ፒስተኑ ፈሳሽ ይጨምቃል፣ ግፊቱ ደግሞ የብስ ላይ ያለውን ጄነሬተር ያዞራል። ባሕሩ ሲቆጣ ከውኃው ተነስተው ወደ ላይ ይሰቀላሉ። ጎበዞች ናቸው! ግን ይኼ ሁሉ ተደርጎ አቅሙ 100 ኪሎዋት ነው፣ ያውም ማዕበሉ ሲመች። ሜዲትራኒያን አንዳንድ ቀን ከጣና በላይ ረግቶ ይውላል።

ጨው ብረት ይበላል፣ ጥገናው ባሕር ላይ ነው፣ ጀልባ ያስፈልጋል። ፖርቱጋል ውስጥ አጉሳዶራ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስት ትልልቅ የማዕበል ማሽኖች በሆይ ሆይታ ተመርቀው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ወደብ ተጎትተው በዚያው ቀሩ። ችግሩ የብልሽትም የገንዘብም ነበር። በኋላ ሌሎች እዚያው ባሕር ላይ በአዲስ ተንሳፋፊ ሞክረዋል፣ ስለዚህ ተስፋ የለውም እያልኩ አይደለም።

በሚቀጥለው ግን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት እንደሚያወጣ ጻፉልን እንጂ።

አንባቢያችሁ፣ ከያፎ