ጭፈራ የጠፋባቸው እንቁራሪቶች

ለ፦ የመተግበሪያው የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ "ኦሪጅናል" ተብሎ የተሸጠልኝን ፊልም ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከመተግበሪያችሁ ላይ "ስፕሪንግታይም" የሚለውን አጭር የካርቱን ፊልም ገዛሁ። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው፣ አብ አይወርክስ ያዘጋጀው ነው። ጸደይ ሲገባ ነፍሳቱም እንስሳቱም ይጨፍራሉ፤ ሌላ ታሪክ የለውም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። መግለጫችሁ "ኦሪጅናል ቅጂ" ስለሚል አምኜ ከፈልኩ።

የመጣልኝ ግን ሌላ ነው። ሣሩ አረንጓዴ ተቀብቷል። እንቁራሪቶቹም አረንጓዴ ስለተቀቡ ከሣሩ ለመለየት ዓይን ይደክማል። ምስሉ ደግሞ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ወደ ጎን ተለጥጦ ሁሉም እንስሳ ወፍሯል። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት?

ይህንንስ ልለፈው። ያናደደኝ ድምፁ ነው። የፊልሙን ሙዚቃ ያቀናበረውን የካርል ስታሊንግን ሥራ አውጥታችሁ የኪቦርድ ዜማ አስገብታችኋል። ፊልሙ "ሲሊ ሲምፎኒ" ከተባሉት ተከታታይ ፊልሞች አንዱ ነው፤ የእነሱ ነገር ደግሞ ስዕሉ ለሙዚቃ መሳሉ ነው። በሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል። ምቱ በየ12 ምስሉ ከመጣ፣ የእንቁራሪቷም እግር እዚያው ላይ መሬት ይነካል። ሙዚቃው ሲቀየር እግሩ ከምቱ ይወጣል። አጠገቤ የነበረችው የ6 ዓመት ልጄ፣ "አባዬ፣ እንቁራሪቶቹ ጭፈራ አይችሉም እንዴ?" አለችኝ። ይችላሉ! ከ90 ዓመት በላይ ሲችሉ ኖረዋል።

ስደውል ያነሳችው ልጅ፣ "ጋሼ፣ ጥቁርና ነጭ ማንም አያይም ብለን አሻሽለነው ነው" አለችኝ። በትህትና ነው የነገረችኝ፣ እሷን አልወቅስም። ግን ከፍዬ የገዛሁት እኔ ማን ነኝ?

የፊልሙ የቅጂ መብት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ማብቃቱን አውቃለሁ። መቀባት ካማራችሁ ቀቡ። ቀብታችሁ ስታበቁ ግን "ኦሪጅናል" ብላችሁ አትሽጡ።

ስለዚህ በ10 ቀን ውስጥ ወይ ጥቁርና ነጩን ከነድምፁ ላኩልኝ፣ ወይ ገንዘቤን መልሱ። ልጅቷ "በነጥብ እናካክስዎታለን" ብላኝ ነበር፤ ነጥብ አልፈልግም። የደረሰኙንና የመግለጫውን ስክሪንሾት አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ